የጌዴኦ አቮካዶ ምን ይብላ?

ከጌዴኦዋ ከተማ ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በፍራፍሬ ወቅት በዚህ መንገድ ላይ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ሙዝና አናናስ የጫነ አይሱዙ አይጠፋም። ነጋዴው ኩንታሉን ይቆጥራል፣ ገበሬው ብሩን ይቆጥራል፤ ከፍሬው ጋር አብሮ የሚጫነውን ሌላ ነገር ግን የሚመዝነው የለም። መቶ ግራም የአቮካዶ ሥጋ 485 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሲየም አለው፤ በዚህ ሙዝን እንኳ ያስከነዳል። በቶን ሲሰላ አንድ ቶን የአቮካዶ ሥጋ አምስት ኪሎ ገደማ ፖታሲየም፣ ሦስት ኪሎ ያህል ናይትሮጅንና ግማሽ ኪሎ ፎስፈረስ ከማሳው ይዞ ይወጣል። ጁስ ቤት ገብቶ ስፕሪስ ከሆነ በኋላ ይህ ሁሉ ወደ ጌዴኦ የሚመለስበት መንገድ የለም።

የፍራፍሬ ማዳበሪያ ነገር መጀመር ያለበት እዚህ ላይ ነው። ከማሳው የወጣው ምንድን ነው? ሊተካው የሚመጣውስ እውነት እርሱን ይተካዋል?

ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ገበሬ ማዳበሪያ ማለት ሁለት ዓይነት ጆንያ ነው። አንደኛው ዩሪያ ነው፤ ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። ሁለተኛው ለብዙ ዘመን ዳፕ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአገሪቱ የአፈር መረጃ ሥራ፣ ኢትዮሲስ፣ አፈራችን ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ብዙ እንደሚጎድለው ካሳየ በኋላ ዳፕ በኤንፒኤስ ተተካ። ኤንፒኤስ ናይትሮጅን 19፣ ፎስፌት 38፣ ሰልፈር 7 እጅ አለው። ፖታሲየም ግን በሁለቱም ጆንያ ውስጥ የለም። ሁለቱም በዋናነት የታሰቡት ለጤፍ፣ ለስንዴና ለበቆሎ ነውና ለእነዚያ ሥራቸውን ይሠራሉ። ችግሩ ያንኑ ጆንያ፣ ያንኑ መጠን ይዞ አቮካዶ ሥር መሄድ ላይ ነው።

አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ንጹሕ ፎስፈረስ 16 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ይህን መጠን ከማሳ ይዞ ለመውጣት ከ30 ቶን በላይ የአቮካዶ ሥጋ ያስፈልጋል። በእርግጥ ዛፉ ለግንዱ፣ ለሥሩና ለቅጠሉም ፎስፈረስ ይፈልጋል። የአካባቢው ቀይ አፈር ደግሞ ብረትና አሉሚኒየም ስለሚበዛበት ፎስፈረሱን ጨብጦ ይይዛልና ሒሳቡ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ ፍሬው ጥቂት የሚወስደውን ገበሬው በውድ ዋጋ ያበዛል፣ ፍሬው አብዝቶ የሚወስደውን ግን ማንም አይተካም።

የዳሎል ነገር እዚህ ላይ ያስቆጫል። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ትልልቅ የፖታሽ ክምችቶች አንዱ በአፋር ምድር አለ፤ ጣሊያኖች ከመቶ ዓመት በፊት እያወጡ በባቡር ወደ ቀይ ባሕር ያጓጉዙት ነበር። የዛሬው የጌዴኦ ገበሬ ግን ፖታሽ የሚባለውን ማዳበሪያ በቀላሉ ገዝቶ የሚያገኝበት ገበያ የለውም።

ጌዴኦ ያለ ጆንያ ብዙ ዘመን ኖሯል። በሕዝብ ብዛት ከአገሪቱ እጅግ ከተጨናነቁት ገጠሮች አንዱ ነው፤ በብዙ ቀበሌዎች በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ ይኖራል፣ ሺሕ የሚያልፍበትም አለ። አብዛኛው አባወራ ያለው መሬት ከአንድ ሄክታር በታች ነው፤ እርሱም ቁልቁለት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ መሬቱ ታጥቦ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ይህን እንቆቅልሽ ብለው የተነሡት ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ርዕሱ ራሱ የጌዴኦን የአምስት ሺሕ ዓመት ዘላቂነት የሚጠይቅ ነበር። መስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የተመዘገቡት በአካባቢው ያሉት ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ብቻ አይደሉም፤ እርሻው ራሱ ቅርስ ሆኗል።

ይህ እርሻ ፎቅ በፎቅ ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ኮርችና ብሳና አሉ። ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ አጠገብ ቡና፣ ከቡናው በታች ጎደሬና ቅጠላ ቅጠል ይበቅላል። ወደ ቡሌ ደጋ ሲወጡ እንሰትና ዛፍ ይበረታል፤ በይርጋጨፌ ወይና ደጋ እንሰትና ቡና አብረው ይነግሣሉ፤ ወደ ዲላ ዙሪያና ወናጎ ሲወርዱ ፍራፍሬና ቡና ይበዛል። ዶክተር መሰለ ነጋሽና ባልደረቦቻቸው በዚሁ የስምጥ ሸለቆ ተዳፋት ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት 58 የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ ከእነዚህ 86 በመቶው አገር በቀል ናቸው።

ማዳበሪያው ያለው በእነዚህ ዛፎች ላይ ነው። ብርብራ፣ ሰሳና ኮርች እንደ ባቄላና አተር የጥራጥሬ ወገን ናቸው፤ በሥራቸው ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብረው ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ። ቅጠላቸው ሲረግፍ ናይትሮጅኑ ለቡናውና ለእንሰቱ ይደርሳል። ጥልቅ ሥር ያላቸው ዛፎች ዝናብ ወደ ታች ያሰረገውን ንጥረ ነገር እየሳቡ መልሰው በቅጠል መልክ መሬት ላይ ያፈሱታል። ገበሬው በበኩሉ አረሙን ነቅሎ ከማሳ አያወጣም፤ እዚያው ያነጥፈዋል። የእንሰት ቅጠል፣ የተከረከመ ቅርንጫፍ፣ የተፋቀ እንሰት ትርፍራፊ ሁሉ አፈር ላይ ይቀራል። ከብት ጥቂት በመሆኑ ፍግ እንደ ልብ አይገኝም፤ ክፍተቱን የሚሞላው ይህ ጉዝጓዝ ነው።

አቮካዶ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በሒርናና በወንዶ ገነት በግል አልሚዎች እንደተተከለ ይነገራል። ጌዴኦ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የኖረው ግን በአካባቢው ሥርዓት ነበር፤ በቡናው መሐል አንድ እዚህ፣ ሁለት እዚያ፣ ለጥላም ለፍሬም። አሁን ነገሩ እየተለወጠ ነው። የተዳቀለ የሐስ ችግኝ በሦስትና በአራት ዓመቱ ፍሬ መስጠት ይጀምራል። በአጎራባቹ ሲዳማ በይርጋለም አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የአቮካዶ ዘይት ይጨመቃል። አረንጓዴ አሻራና የሌማት ትሩፋት የተባሉት የመንግሥት ዘመቻዎች የፍራፍሬ ችግኝ ወደ ገጠር እያደረሱ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ገቢው የልጅ ደብተር፣ የቤት ቆርቆሮ ይሆናል።

አደጋው የሚመጣው ፍራፍሬው ከሌሎቹ ተነጥሎ በመስመር እንዲቆም ሲባል ጥላው ሲቆረጥና እንሰቱ ሲነቀል ነው። ያን ጊዜ የሚወጣው ይጨምራል፤ ዛፍ ያመጣው የነበረው ናይትሮጅን ይቋረጣል፤ ጉዝጓዙም ይጠፋል። ገበሬው ምንም ሳያጠፋ በጆንያ ላይ ጥገኛ ይሆናል። ጫት ማሳውን በያዘባቸው ቦታዎች የታየውም ይኸው ነው።

ጆንያው የሚጎዳውስ እንዴት ነው? ዩሪያ አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ያመነጫል። ከኢትዮጵያ የእርሻ መሬት 40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማነት እንዳጠቃው ይገመታል፤ ዝናብ የሚበዛበት የደቡብና የምዕራብ ቀይ አፈር ከሁሉ ይብሳል። አፈሩ ይበልጥ ሲኮመጥጥ ፎስፈረሱ ይበልጥ ይታሰራል፤ ገበሬው "ማዳበሪያው አልሠራም" ብሎ ሌላ ይጨምራል። ዛፉ ያልተጠቀመበት ናይትሬት ከዝናብ ውሃ ጋር ወደ ጉድጓድና ወደ ምንጭ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ የሚመክረው በተለይ ጡጦ ለሚጠቡ ሕፃናት ብሎ ነው፤ ሲበዛ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ፎስፈረስ ደግሞ በአብዛኛው የሚጓዘው ከታጠበ አፈር ጋር ተጣብቆ ነው። ከጌዴኦ ምዕራባዊ ተዳፋት የሚወርደው ውሃ መጨረሻው አባያ ሐይቅ ነው። አባያ ያን ቀላ ያለ ቡናማ መልኩን ያገኘው ከየተራራው ከሚታጠበው ደለል ነው፤ ደለሉ ላይ ማዳበሪያ ሲጨመርበት ሐይቁ የሚከፍለው ዕዳ ይከብዳል። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተንሰራፋው እንቦጭ እንዲህ ያለውን በንጥረ ነገር የደለበ ውሃ እንደሚወድ ሁሉም አይቷል።

ይህን የሰማ ሰው "እንግዲያው ዩሪያ ይታገድ" ሊል ይችላል። ሲሪላንካ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 መንግሥቷ የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ አገደ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሩዝ ምርት 20 በመቶ ያህል አሽቆለቆለ፣ ሻዩም ተጎዳ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር እገዳው ተነሣ። የተፈጥሮ ማዳበሪያ በአዋጅ አይበቅልም፤ ጊዜ፣ ጉልበትና የሚበሰብስ ነገር ይፈልጋል። ጌዴኦ ከብዙ አገር የሚለየው የሚበሰብሰው ነገር በደጁ ተከምሮ መኖሩ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በጌዴኦ የፍራፍሬው ማዳበሪያ ጉዳይ የቡናውም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከ40 ሺሕ በላይ አባላት አሉት፤ የኦርጋኒክ ማረጋገጫ ይዞ ለውጭ ገበያ ያቀርባል። በኦርጋኒክ ሕግ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ የነካው የቋሚ ሰብል ማሳ ማረጋገጫውን መልሶ ለማግኘት ሦስት ዓመት መጠበቅ አለበት። አቮካዶውና ቡናው በአንድ ጥላ ሥር፣ በአንድ አፈር ላይ፣ ሥራቸው ተጠላልፎ ነው የቆሙት። ለአቮካዶው የተበተነ አንድ ሣህን ዩሪያ ለቡናውም ተበተነ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ የኦርጋኒክ ደንብ፣ 2018/848፣ አንድ የገበሬዎች ቡድን ከ2,000 አባል እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ቁጥጥሩ ከቀድሞው ይበልጥ ወደ እያንዳንዱ ማሳ ቀርቧል። ስለዚህ ለፍራፍሬ ጆንያ የሚያከፋፍል ባለሙያ ማሳው ውስጥ ቡና አለ ወይ፣ ቡናውስ ኦርጋኒክ ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም።

አቮካዶ ራሱ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ከአንድ ያረጀ ዛፍ ሥር ተንበርክኮ የረገፈውን ቅጠል በእጅ ገለጥ ማድረግ ይበቃል። ላይኛው ቅጠል ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ያለው የጠቆረና የራሰ፤ ከዚያም በታች ቅጠልነቱ ጠፍቶ ጥቁር ፍርፋሪ ሆኗል። በዚያ ፍርፋሪ ውስጥ ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች ከአፈሩ ወጥተው ወደ ላይ፣ ወደ ብስባሹ ሲሄዱ ይታያሉ። የአቮካዶ መጋቢ ሥር ጥልቅ አይደለም፤ የሥር ጸጉሩም እጅግ ጥቂት ነው። አየር ያለው፣ እርጥበት የማያጣ ብስባሽ ይወዳል፤ ውሃ ሲተኛበት ይታፈናል፤ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የሥር አበስባሽ በሽታ ያን ጊዜ ያገኘዋል። ዛፉን ሊኮተኩት የሚመጣ መቆፈሪያ የመጀመሪያ ተጎጂዎቹ እነዚህ ሥሮች ናቸው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ አሽበርነር የሚባል አልሚ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ማሳውን በዶሮ ፍግ፣ በዶሎማይትና በጉዝጓዝ ሲያለማ የጎረቤቶቹን ማሳ ያጠፋው የሥር በሽታ የእርሱን ዛፎች አለመጉዳቱ ተመራማሪዎችን አስገርሞ ነበር። ለጌዴኦ ሰው ጉዝጓዝ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ሥጋቱ አዲሱ የመስመር አተካከል እንዳያስረሳው ነው።

አሁን ወደ ክምሩ እንምጣ። ጌዴኦ የታጠበ ቡና አገር ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በየማጠቢያ ጣቢያው ቀይ እሸት ቡና ይፈለፈላል፤ ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ልጣጭ ሆኖ ይቀራል። ልጣጩ ይከመራል፣ ያፈላል፣ ይሸታል፤ ፍሳሹ ወንዝ ከገባ እየፈላ ከውሃው ኦክስጅን ይጨርሳል። ለገዳራንም ሆነ ሌሎቹን የአካባቢው ወንዞች በመፈልፈያ ወቅት የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ይኸው የሚጣለው ልጣጭ ሲደርቅ ከመቶው ሦስት እጅ ያህሉ ፖታሲየም ነው።

መቶ ኪሎ እሸት ቡና 40 ኪሎ ርጥብ ልጣጭ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ዘጠኝ ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በውስጡ ሩብ ኪሎ ያህል ፖታሲየም አለ። ይህ መጠን 50 ኪሎ የአቮካዶ ሥጋ ከማሳው የወሰደውን ይተካል። ጆንያው የከለከለው ነገር ማለት ነው፤ በውጭ ምንዛሪ አይገዛም፣ ኦርጋኒክነትን አያስነካም፣ ወንዝ ዳር ተጥሎ ነው ያለው።

ግን አሠራር አለው። ትኩስ ልጣጭ በቀጥታ ዛፍ ሥር አይደፋም፤ ሲፈላ ይግላል፣ ዝንብ ይጠራል፣ የዛፉንም ናይትሮጅን ይሻማል። ከደረቅ ቅጠል፣ ከእንሰት ትርፍራፊና ከተገኘ ከጥቂት ፍግ ጋር ተደባልቆ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ይከመራል፤ በየሁለት ሳምንቱ ይገለበጣል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሽፋኑን ነው። ፖታሲየም እንደ ናይትሮጅን ከብስባሹ አካል ጋር አይጣበቅም፤ በውሃ በቀላሉ ይሟሟል። ዝናብ ሲመታው የከረመ ክምር ጥቁርና ያማረ ሊመስል ይችላል፤ ዋናው ሀብቱ ግን ከሥሩ ፈስሶ ሄዷል። በእንሰት ቅጠል ወይም በላስቲክ መሸፈን፣ ከሥሩም ገለባ ማንጠፍ ከክምሩ ሥራ ሁሉ ይበልጣል። ቀይ ትል ያለው ሰው ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ቢያስገባበት ብስባሹ ይፈጥናል፣ ይልማልም።

የምድጃ አመድም አለ። ፖታሲየምም ካልሲየምም ስላለው የአፈሩን አሲድ ያለዝባል፤ ኖራ እስኪመጣ ለሚጠብቅ ገበሬ ትንሽ ኖራ ማለት ነው። በዛፉ ጥላ ዙሪያ በስሱ ይነሰነሳል። ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ፍግ ጋር ግን አይደባለቅም፤ ናይትሮጅኑን ወደ አየር ያባርረዋል።

ኦርጋኒክ ቡና በሌለበት ማሳ ዩሪያም ኤንፒኤስም ቦታ አላቸው። በተለይ ወጣት ዛፍ ቅርንጫፍ እስኪያወጣ ናይትሮጅን ይፈልጋል። ያኔ የዓመቱ ድርሻ በአንድ ቀን አይደፋም፤ በበልግና በመኸር ዝናብ ተከፋፍሎ፣ ከግንዱ ርቆ የቅርንጫፉ ጫፍ በሚያጠላበት ክብ ላይ ይደረጋል፣ በጉዝጓዝ ይሸፈናል። ጸሐይ ላይ የተተወ ዩሪያ ናይትሮጅኑ በከፊል ወደ አየር ይተናል። ዶፍ ሊጥል ሲያስገመግም የተበተነ ደግሞ ቁልቁለቱን ይዞ ይወርዳል። ያረጁት ቅጠሎች ሁሉ ከሥር እስከ ጫፍ ሲገረጡ ናይትሮጅን ጎድሏል፤ ጠርዛቸው ብቻ እንደ ተለበለበ ሲደርቅ የጎደለው ፖታሲየም ሊሆን ይችላልና በዩሪያ ላይ ዩሪያ መጨመር ነገሩን ያብሰዋል። ዛፉ ለምልሞ፣ ቅጠሉ ጠቁሮ ፍሬ ከነፈገም ናይትሮጅኑ በዝቶ እንደሆነ መጠርጠር ነው።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ልጣጩ ለምን ወንዝ ዳር ይቀራል? ዋናው ምክንያት ክብደት ነው። ርጥብ ልጣጭ ከአራት እጅ ሦስቱ ውሃ ነው፤ ማጠቢያ ጣቢያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንዝ አጠገብ፣ ሸለቆው ውስጥ ነው፤ የገበሬው ማሳ ግን ተራራው ላይ። እሸቱን በጀርባው ወይም በአህያ ያወረደ ሰው ልጣጩን ተሸክሞ ይመለስ ማለት ከባድ ነው። ባለ ጣቢያውም ልጣጩን የማስወገድ ግዴታ እንጂ የማብሰል ጥቅም አይታየውም። ልጣጩ እዚያው ጣቢያው ግቢ ውስጥ በጥላ ሥር ቢበስል ክብደቱ እጅግ ይቀንሳል፤ ያኔ እሸት ያስረከበ ገበሬ በኪሎው መጠን ብስባሽ ይመለስልሃል ቢባል የሚሸከመው ጆንያ ቀላል ነው። ለእሸቱ የሚቆረጠው ደረሰኝ ለዚህም ማስረጃ ይሆናል፤ አዲስ መዝገብ አያስፈልግም።

ጊዜውም ይመቻል። የመጨረሻው እሸት በታኅሣሥ ተፈልፍሎ ሲከመር ብስባሹ ሦስት ወር ያህል ያገኛል። በጋው ደረቅ ስለሆነ በዝናብ የሚታጠብበት አጋጣሚ ያንሳል። መጋቢት ላይ በልግ ሲገባ፣ አቮካዶው አዲስ ቅጠልና ሥር በሚያወጣበት ሰሞን፣ ክምሩ ደርሶ ይጠብቃል።